ካኖን በትዝታ ቅኝት ይሠራል ወይስ አይሠራም? ልጆቹ ሲገቡ ይደበላለቅብኛል

የዘንባባ ጥላ · ቅዳሜ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ በሽቄ ነው የምጽፈው። የበሸቅኩትም በራሴ ነው።

ለማታውቁኝ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር 12 ልጆች ሰብስቤ ዘፈን አለማምዳለሁ። ትንሹ 8 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 13። አዳራሽ የለንም፣ ዛፍ ሥር ነን። አንድ ክራርና አንድ ከበሮ አለን። ወላጆች ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ፔሊካኖችም ይመጣሉ፣ እነሱ ለዓሣው ነው።

ሰሞኑን ካኖን የሚባለውን ነገር ሰማሁና ልቤን ወሰደው። አንድ ቡድን ዜማውን ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ሦስተኛው። የሚዘፍኑት አንድ ዘፈን ነው፤ አንድ ላይ ሲሰማ ግን ሦስት ዘፈን ይመስላል። ደግሞ ያምራል!

12 ልጅ ለሦስት ሲካፈል አራት አራት ይደርሳል። ለእኛ የተሠራ መሰለኝ። ሁሉም የሚያውቁትን አንድ የልጆች ዜማ መረጥኩ፣ ቅኝቱ ትዝታ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ገባ፣ አሪፍ። ሁለተኛው ገባ፣ እንደ ምንም። ሦስተኛው ሲገባ ቅዳሜ ገበያ ሆነ። አንዷ እናት "ምን ሆኑ?" ብላ እየሮጠች መጣች።

ሙዚቃ የተማረ አንድ ሰው ስጠይቅ ደግሞ "ካኖን የፈረንጅ ነው፣ በእኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አይሠራም፣ አትልፊ" አለኝ። እውነቱን ነው?

ቡና ጠጪው · ቅዳሜ ማታ 1፡52

ካኖን ካሜራ አይደል እንዴ? 😂

የዘንባባ ጥላ · ቅዳሜ ማታ 1፡55

አንተ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ትደርሳለህ፣ ቁም ነገር ግን የለህም።

አሮጌ አኮርዲዮን · ቅዳሜ ማታ 2፡30

ልጄ፣ አይዞሽ። "አይሠራም" ያለሽ ሰው ተሳስቷል። አንቺም ግን ተሳስተሻል።

ካኖን ማለት ያገኙትን ዘፈን እያዘገዩ መድገም አይደለም። ዜማው ገና ሲደረስ ከራሱ ጋር እንዲገጥም ታስቦ መደረስ አለበት። ሸማኔ ድርና ማግ አለው። በካኖን ድሩም ማጉም አንድ ፈትል ነው። ያ ፈትል በራሱ ላይ ሲያልፍ እንዳይቋጠር አድርጎ መዘርጋት ነው ሙያው። ለዚህ ያልተደረሰ ዘፈን አንስተሽ በሦስት ብትከፍይው የሚወጣው ዛሬ የሰማሽው ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ወረቀት ያዢ። የዘፈኑን ስንኞች አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፊ፣ ምት ከምት ትይዩ ይሁን። ከዚያ ወደ ጎን ማንበቡን ተይና ከላይ ወደ ታች አንብቢ። በአንደኛው ምት ላይ የተደራረቡት ድምፆች ይስማማሉ? በሁለተኛውስ? በሁሉም ምት ላይ ከተስማሙ ካኖን አለሽ። አንዱ ላይ ከተጣሉ እዚያች ቦታ ያለችውን ድምፅ ትለውጫለሽ።

እስቲ የመረጥሽው ዘፈን ስንኞች ስንት ስንት ምት ናቸው? ቁጠሪና ንገሪኝ።

የዘንባባ ጥላ · ቅዳሜ ማታ 2፡48

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያጨበጨብኩ ቆጠርኩት። 4፣ 4፣ 6፣ 4።

አሮጌ አኮርዲዮን · ቅዳሜ ማታ 2፡55

ይኸውልሽ፣ ስድስቷ ናት ገበያውን ያመጣችው። አንደኛው ቡድን ስድስቷን ሳይጨርስ ሁለተኛው የራሱን ስድስት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የአንዱ ጠንካራ ምት የሌላው ደካማ ምት ላይ ይወድቃል። ልጆቹ ምን ያድርጉ?

ቅኝቱ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ለጀማሪ ከሙሉ ትዝታ የሚመች የለም። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ከነዚህ ውስጥ በግማሽ እርምጃ፣ ማለትም በትንሿ የድምፅ ርቀት፣ የሚጎራበቱ ሁለት ድምፆች የሉም። ስለዚህ ሳይታሰብ ቢደራረቡ እንኳ ጥርስ አያፋጩም። ፈረንጁ በሰባት ድምፅ ሲደርስ ይህን ያህል ምሕረት የለውም።

ዝማሜ · ቅዳሜ ማታ 3፡20

እኔ የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ፣ አሁን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር።

ካኖንና ቀኖና አንድ ቃል ናቸው። ምንጩ ግሪክ ነው፤ መለኪያ ዘንግ፣ ደንብ፣ ሥርዓት ማለት ነው። ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ ስንል የምንፈጽመውን ሥርዓት ሰጡኝ ማለታችን አይደል? በሙዚቃውም እንደዚያ ነው የጀመረው። የጥንት የአውሮፓ ደራሲ አንድ መስመር ብቻ ይጽፍና ሌሎቹ ዘማሪዎች ከዚያው መስመር እንዴት እንደሚያወጡ ትእዛዝ ያክልበት ነበር። ካኖን የተባለው ያ ትእዛዝ ነው። አከታትሎ መዝፈኑን ራሱን ያን ጊዜ ፉጋ ነበር የሚሉት። በኋላ የትእዛዙ ስም የዘፈኑ ስም ሆኖ ቀረ።

ሰው ሁሉ "ማኅሌትም እኮ ካኖን ነው" ሊል እንደሚችል ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። አይደለም። ማኅሌት ላይ ቀኝና ግራ ቆመን እንቀባበላለን። መሪው ያነሣል፣ ሌላው ወገን ይቀበላል። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል እንጂ በአንዱ ዜማ ላይ ሌላው ዜማ ተደርቦ አይሄድም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቢነካካም ታስቦ የተደረሰ አይደለም። ቅብብል ሌላ፣ ካኖን ሌላ።

ፖሊ ማታ · ቅዳሜ ማታ 3፡31

ዝማሜ፣ ለቅዱስ ያሬድ ዜማውን ያሰሙት ሦስት ወፎች ናቸው ይባላል አይደል? ሦስቱ እየተከታተሉ ገብተው ቢሆንስ? 👀

ዝማሜ · ቅዳሜ ማታ 3፡40

😄 ከሦስቱ ወፎች ሦስቱን ዜማዎች ነው የምናወጣው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። አንተ ግን ፈተና የለብህም እንዴ?

ኪቦርድ በሰርግ · እሑድ ጠዋት 4፡05

የሙያ ምሥጢር ላውጣ። ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ሰርግ ላይ እሠራለሁ። ሙሽሮች ሲገቡ "ካኖኑን ምታልን" ይሉኛል። የጀርመኑን የዮሐን ፓኬልቤልን ማለታቸው ነው (እ.ኤ.አ. ከ1653 እስከ 1706 የኖረ)። እኔም እመታለሁ፣ እነሱም ያለቅሳሉ።

ግን እኔ የምመታው ካኖን አይደለም። ዋናው ሥራ የተደረሰው ለሦስት ቫዮሊንና ለባስ ነው። ባሱ ስምንት ድምፅ ብቻ አለው፤ እነሱን 28 ጊዜ ይደጋግማል። በሰርግ የምንመታው ያንን ባስና ኮርዱን (በአንዴ የሚመቱትን ድምፆች) ነው። ካኖኑ ያለው ከላይ ነው፤ ሁለተኛው ቫዮሊን የመጀመሪያውን ሁለት ባር ዘግይቶ ቃል በቃል ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛውን። ለብቻዬ በኪቦርድ ሦስት ቫዮሊን አልሆንም። ስለዚህ ካኖኑ ቤቱ ቀርቶ ምንጣፉን ብቻ ይዤ ነው ሰርግ የምሄደው።

ደግሞ የዘመናት ዝነኛ እንዳይመስላችሁ። ከኖረበት ዘመን በኋላ ብዙ ሰው ረስቶት ነበር። ዓለም የያዘው የፈረንሳዩ ዣን ፍራንሷ ፓያር በ1968 ከኦርኬስትራው ጋር ከቀረጸው ወዲህ ነው።

ቡና ጠጪው · እሑድ ጠዋት 4፡12

የእኔ ሰርግ ላይ ምንጣፍ ነው ያስከፈልከኝ ማለት ነው?

ኪቦርድ በሰርግ · እሑድ ጠዋት 4፡13

ሒሳቡን ገና አልጨረስክም እኮ ወንድሜ።

አሮጌ አኮርዲዮን · እሑድ ከሰዓት 9፡30

ዝማሜ ስለ ትእዛዙ ያነሣው ደስ አለኝ። ከሁሉ የምወደው ትእዛዝ በአንድ የእንግሊዝ ገዳም ብራና ላይ ያለው ነው። ሬዲንግ ከሚባል ገዳም ጋር የሚያያዝ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ነው፤ አሁን ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ስለ በጋ መምጣትና ስለ ኩኩ ወፍ የሚዘፍን ዜማ ነው። አራት ድምፅ እየተከታተለ ይዘፍነዋል፣ ሁለት ድምፅ ደግሞ ከሥር አጭር ነገር እየደጋገመ ይይዘዋል።

ገጹ ላይ በላቲን የተጻፈው ትእዛዝ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ይህን ዙር አራት ባልንጀሮች ሊዘፍኑት ይችላሉ፤ ከሦስት፣ ቢያንስ ከሁለት ባነሱ ግን አይዘፈንም። አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ዝም ይላሉ። እሱ ከመስቀሉ ቀጥላ ያለችው ድምፅ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ይጀምራል። ዜማው ውስጥ በእርግጥም ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች። የመግቢያ ምልክት ናት፣ ሌላ ነገር የላትም። አንቺም ለልጆቹ እንዲህ ያለ ምልክት አድርጊላቸው።

ይህ ዓይነቱ እየዞረ የማያልቅ ካኖን ዙር ይባላል። ለልጅ እሱ ይበቃል። ነገሩ ግን ጥልቅ ነው። የጀርመኑ ደራሲ ባኽ በ1741 ባሳተመው ጎልድበርግ ቫሪየሽን 30 ልዩነቶች አሉ፤ በየሦስተኛው ካኖን ነው። 3ኛው ላይ ተከታዩ ከመሪው ጋር በአንድ ድምፅ ይነሣል፣ 6ኛው ላይ አንድ ደረጃ ርቆ፣ 9ኛው ላይ ሁለት ደረጃ ርቆ፣ እንዲህ እያለ 27ኛው ይደርሳል። 30ኛው ላይ ሰው ካኖን ሲጠብቅ ሰውዬው የሰፈር ዘፈኖችን ደባልቆ ቀለደ።

በ1747 ደግሞ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ከሰጠው ዜማ ተነሥቶ የጎርምጥ (የሸርጣን) ካኖን የሚሉትን ሠራ። አንዱ ዜማውን ከፊት ወደ ኋላ ይጫወታል፣ ሌላው ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ይህን ለልጅ ልጄ ሳስረዳት "ውሃው" ብለሽ ጻፊ አልኳት። ጻፈች። አሁን ከኋላ አንብቢው አልኳት። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ያሉ ቃላት ስትፈልግ ከረመች።

ዝማሜ · እሑድ ማታ 12፡50

"ውሃው"! ጣና ዳር ስንት ዓመት ኖሬ ይሄን አላየሁም።

ፖሊ ማታ · እሑድ ማታ 1፡15

እኔ ደግሞ በሒሳብ ልምጣ። ካኖን በነፃ አለ፣ ገደል ማሚቶ ነው።

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እህታችን አራት ምት የሆነ ስንኝ በደቂቃ 60 ምት ፍጥነት ብትዘፍን 4 ሰከንድ ይፈጅባታል። ማሚቶው ልክ በ4ኛው ሰከንድ ላይ እንዲገባ ድምፁ ደርሶ መልስ 1360 ሜትር መሄድ አለበት። ስለዚህ 680 ሜትር ርቆ የቆመ ገደል ትፈልጋለች። ፍጥነቱን በእጥፍ ካደረገችው 340 ሜትር ይበቃል።

ጠዋት ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ የሚሰማችሁም ለዚህ ነው። አንዱ ማጉያ ከሌላው 340 ሜትር ርቆ ቢሰቀል የሩቁ 1 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳችኋል። እኔ ጋ ቅዳሴው በየቀኑ ካኖን ነው።

የዘንባባ ጥላ · እሑድ ማታ 1፡22

ጢስ ዓባይ ገደል አለ፣ ልጆቹን ልውሰድ?

ፖሊ ማታ · እሑድ ማታ 1፡24

ክረምት ላይ ፏፏቴው ራሱ ሶሎ ይይዛል፣ እናንተን ማን ይሰማል። 😅

የጎጃም ማሲንቆ · እሑድ ማታ 3፡05

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ነገሩ አልጣመኝም። የእኛ ዘፈን ጌጡ በአንዱ ድምፅ ውስጥ ነው። አዝማሪ አንዷን ቃል ይዞ ሲያንከራትታት፣ ሲሰብራት፣ መልሶ ሲያነሣት ነው ሰው "ወይ ወይ!" የሚለው። በዚያ ላይ ሌላ ሰው ያንኑ ዘግይቶ ቢደርብበት ጌጡም ግጥሙም ይጠፋል። ሰምና ወርቁን ማን ይሰማዋል? ሦስት ሰው ሦስት ቃል በአንዴ እያለ! ደግሞ መከተልን እኛም እናውቃለን፤ ማሲንቆው ዘፋኙን እግር በእግር አይደል የሚከተለው? ስሙ ካኖን አልተባለም እንጂ።

አሮጌ አኮርዲዮን · እሑድ ማታ 3፡40

ወንድሜ፣ ስለ ግጥሙ ያልከው እውነት ነው። የአዝማሪ ዘፈን ካኖን አድርጉ አልልም፣ ኃጢአት ነው። ቃሉ የሚደመጥለት ዘፈን ብቻውን ይሁን።

የማሲንቆው ነገር ግን ይለያል። ማሲንቆው ዘፋኙን የሚከተለው በጆሮው ነው። አንዳንዴ አብሮት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ግማሽ እስትንፋስ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ቀድሞት ይጠብቀዋል። የራሱንም ጌጥ ይጨምራል። ርቀቱ ተለክቶ አልተሰጠውም። በካኖን ርቀቱ የተቆረጠ ነው፤ አራት ምት ከተባለ አራት ምት፣ እስከ መጨረሻው። ማሲንቆ መቺ እንደዚያ ቢታሰር ማሲንቆውን ጥሎ ይሄዳል። እኔ አብሬያቸው ሠርቻለሁ፣ አውቃቸዋለሁ።

የጎጃም ማሲንቆ · እሑድ ማታ 3፡44

ጥሎ መሄዱን እንኳ ልክ ብለዋል ጋሼ። 😄

የዘንባባ ጥላ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም። ራሴ ደረስኩ! በክራር ነው የሞከርኩት። እየሳቃችሁም ቢሆን እዩልኝ።

ሂ - ጂ - ታን - ኳ
ዶ - ሬ - ሚ - ሶል

ጣ - ና - ማ - ዶ
ሶል - ሶል - ላ - ሶል

ዘ - ጌ - ልው - ረድ
ሚ - ሬ - ዶ - ዶ

ሁሉም አራት አራት ምት። ሁለተኛው ቡድን የሚገባው የመጀመሪያው "ጣ" ሲል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛው "ጣ" ሲል። ("ማዶ" ላይ "ዶ" የሚለው ፊደል ሶል ላይ መውደቁ አንዷን ልጅ በጣም ነው የሚያናድዳት፣ ቅድም በስልክ ስዘፍንላት ነገረችኝ።)

አሮጌ አኮርዲዮን · ማክሰኞ ማታ 2፡35

ጎበዝ! ነይ ከላይ ወደ ታች እናንብበው።

አንደኛ ምት፦ ዶ፣ ሶል፣ ሚ። የፈረንጁ ሜጀር ኮርድ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛ ምት፦ ሬ፣ ሶል፣ ሬ። ክፍት ነው፣ ነፋስ ይገባበታል፣ ያምራል። ሦስተኛ፦ ሚ፣ ላ፣ ዶ። ማይነር ሆነ፣ ትንሽ አዘነ። አራተኛ፦ ሶል፣ ሶል፣ ዶ። ዐረፈ። አንድም የተጣላ ቦታ የለም። በዶ ጨርሶ በዶ ስለሚጀምር ዙሩም ሳይደናቀፍ ይዞራል።

አሁን አንድ ነገር ላሳይሽ። ክራርሽን ወደ ግማሽ ትዝታ ቃኚው። ሚ እና ላ ብቻ ግማሽ እርምጃ ይወርዳሉ። ያንኑ ዜማ አንድም ነገር ሳትነኪ ተጫወቺው። አንደኛው ምት ማይነር ይሆናል፣ ሦስተኛው ሜጀር ይሆናል። ፀሐይና ጥላው ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ካኖኑ ግን እንዳለ ይቆማል።

የዘንባባ ጥላ · ማክሰኞ ማታ 2፡58

ጋሼ ሞከርኩት። ፀጉሬ ቆመ። እናቴ ከጓዳ "ማን ሞተ?" አለች።

የጎጃም ማሲንቆ · ማክሰኞ ማታ 3፡15

ትዝታ ገራም ነው፣ ሁሉን ይሸከማል። ወንድ ከሆናችሁ አንቺሆዬ ላይ ሞክሩት።

አሮጌ አኮርዲዮን · ማክሰኞ ማታ 3፡50

ነገር ፈላጊ! እሺ፣ እንየው። አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። (ፍላት ማለት ድምፁ ግማሽ እርምጃ ወርዶ ማለት ነው።) ዜማዋን በየደረጃው ብናስቀምጣት አንደኛው ምት ላይ ዶ፣ ሶል ፍላት እና ፋ ይገናኛሉ። ፋ እና ሶል ፍላት ጎረቤት ናቸው፣ በግማሽ እርምጃ ይፋጫሉ። አራተኛው ምት ላይ ሶል ፍላትና ዶ ይገጥማሉ፤ እሱም አይዋደድም። ሦስተኛው ብቻ ይደንቃል፦ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ንጹሕ ሜጀር።

ስለዚህ ማሲንቆ ለዚህች ዜማ ትክክል ነህ። ለቅኝቱ ግን ገና ነው። አንቺሆዬ ካኖን ከተፈለገ ለአንቺሆዬ ተብሎ ይደረሳል። ቆይ፣ ጊዜ ስጡኝ።

ኪቦርድ በሰርግ · ማክሰኞ ማታ 4፡02

ጋሼ ዛሬ አይተኙም።

የዘንባባ ጥላ · ቅዳሜ ማታ 1፡30

ሪፖርት!

መጀመሪያ ዜማውን ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ዘፈኑት፣ በእንቅልፍ ልባቸው እስኪሉት ድረስ። ከዚያ ለሁለት ተከፈልን። ሠራ! አንዳንዶቹ የሌላውን ቡድን ላለመስማት ጆሯቸውን ያዙ፣ ከለከልኳቸው። ሳይሰሙ ምኑን ካኖን ሆነ።

ለሦስት ስንከፈል ችግሩ ትንሹ ልጅ ሆነ። ጮክ ያለውን ሁሉ ይከተላል። "ዘጌ ልውረድ" ማለት ሲገባው "ጣና ማዶ" ካሉት ጋር ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አቋረጥን። በመጨረሻ ትልቋ ልጅ ከኋላው ቆመች፣ ትከሻውን በምቱ ልክ በጣቷ መታ መታ አደረገችለት። እንደዚያ ሆኖ አንድም ጊዜ አልሳተም። ቡድኖቹንም አሥር አሥር እርምጃ አራራቅኳቸው፤ መሬት ላይ ደግሞ "ጣ" የምትባልበትን ቦታ በኖራ መስቀል አደረግኩ፣ እንደ እንግሊዞቹ ገዳም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እንዴት እንደሚቆም! ይዞራል፣ ይዞራል፣ ማን ያስቁመው። ዘጠነኛው ዙር ላይ እጄን አነሣሁ። የመጀመሪያው ቡድን ዙሩን ጨርሶ ዝም አለ። ሁለተኛው አራት ምት ቆይቶ ዝም አለ። ሦስተኛው ብቻውን "ዘጌ ልውረድ" ላይ ቀረ። ትንሹ ልጅ የራሱ ድምፅ ብቻ ሲሰማው ደነገጠ። ቀጥሎ ግን ጨረሰው። ከዚያ "እንደገና! እኔ መጨረሻ ልሁን!" አለ። አሁን ሁሉም መጨረሻ መሆን ነው የሚፈልጉት።

ፖሊ ማታ · ቅዳሜ ማታ 1፡41

ሒሳቡን ላስቀምጥ፦ አንድ ዙር 12 ምት ነው፣ 9 ዙር 108 ምት፣ ሦስተኛው ቡድን 8 ምት ስለሚዘገይ ጠቅላላ 116። በደቂቃ 60 ከሆነ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለዚህ ነው የለፋችሁት?

የዘንባባ ጥላ · ቅዳሜ ማታ 1፡43

አዎ! ለዚህ ነው። ና ቅዳሜ ሻይ እንጋብዝሃለን።

አሮጌ አኮርዲዮን · ቅዳሜ ማታ 3፡20

አንቺሆዬውን አመጣሁ። ለጊዜው ለሁለት ቡድን ብቻ ነው።

ዶ - ሬ ፍላት - ፋ - ላ
ፋ - ሶል ፍላት - ላ - ፋ

ወደ ታች፦ ዶ ከፋ፣ ሬ ፍላት ከሶል ፍላት፣ ፋ ከላ፣ ላ ከፋ። አንድም ፍጭት የለም። አምስቱም የአንቺሆዬ ድምፆች ገብተዋል። ሦስተኛ ስንኝ ግን እምቢ አለኝ። ማሲንቆ፣ በግማሽ ረትቻለሁ፣ በግማሽ ተረትቻለሁ።

የጎጃም ማሲንቆ · ቅዳሜ ማታ 3፡33

ጋሼ፣ በማሲንቆ ሞከርኩት። አፌን ይዣለሁ። ቃል ብቻ አይግባበት፣ "ላ ላ" ይበቃዋል።

የዘንባባ ጥላ · እሑድ ማታ 12፡30

ጋሼ፣ ትልቋ ልጅ (ያቺ "ማዶ" ያናደዳት) ሦስተኛ ስንኝ አገኘሁ እያለች ነው። እሷ የጻፈችው ይኸው፦

ላ - ሬ ፍላት - ዶ - ዶ

አሮጌ አኮርዲዮን · እሑድ ማታ 12፡52

አንደኛ ምት ዶ ፋ ላ። ሁለተኛ ሬ ፍላት፣ ሶል ፍላት፣ ሬ ፍላት። ሦስተኛ ፋ ላ ዶ። አራተኛ ላ ፋ ዶ።

እኔ አራት ቀን የፈለግኩትን ልጅቷ አገኘችው። ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፤ ከላ ወደ ሬ ፍላት ቁልቁል መዝለሉ ለጉሮሮ ከባድ ነው። ላውን ታች አውርዳ ከዚያ ወደ ሬ ፍላት ብትወጣስ?

የዘንባባ ጥላ · እሑድ ማታ 1፡05

ጠየቅኳት። "ታች ያለው ላ ለእኔ አይወጣም፣ እሳቸው ይዝፈኑት" አለች። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ዛፏ ሥር እንጠብቅዎታለን ጋሼ። አኮርዲዮኑንም ይዘው ይምጡ።